ካንዴላ የሌላት መኪና

(ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞችና ለጋራዥ ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። የጋራዥ ባለቤቶች ሥራ ዘግታችሁ፣ ሠልጣኞችም ከተግባር ልምምድ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ቱታውን ያላወለቀም አያለሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስኪ ይህን ሃይላንድ እዩልኝ። ባለ አንድ ሊትር ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ነው፤ እናንተ ግን ቤንዚን ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፤ አንዱ ሊትር 750 ግራም ገደማ ነው። ይህ ሊትር ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል በማርሚታው በኩል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.3 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ክፍል ውስጥ በተናገርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ «መምህር፣ ከሦስት ሩብ ኪሎ እንዴት ሁለት ኪሎ ከምናምን ይወጣል?» ይለኛል። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። የቤንዚን ክብደት አብዛኛው ካርቦን ነው፤ በዚህ ሊትር ውስጥ 640 ግራም ገደማ አለ። ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአየር ላይ ሁለት የኦክስጅን አተሞች ይዞ ይወጣል። የተጨመረው ክብደት የመጣው ከምንተነፍሰው አየር ነው። ታንከሩን 40 ሊትር ሞልቶ የጨረሰ ሰው ከ90 ኪሎ በላይ ጋዝ ከላያችን ትቶ ሄዷል፤ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ጋዝ ስለሆነ አይታይም፣ አይሸትም። ማዳበሪያ ውስጥ ተሞልቶ መንገድ ዳር ቢጣል ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማው መንቀሳቀስ ያቅተው ነበር።

ይህን ለማስቀረት አገራችን አንድ ትልቅ ውሳኔ ወስዳለች። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ሌሎች አገሮች ለ2030 እና ለ2035 እ.ኤ.አ. ቀጠሮ ይዘው ሲከራከሩ እኛ ቀድመን በሩን ዘጋን። ከዚያ በፊትም የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡን አውርዶት ነበር፤ ተገጣጥማ ለምትገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥማ ለምትመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትታ መጥታ እዚህ ለምትገጣጠመው ዜሮ። የዚህን የመጨረሻውን ዜሮ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፤ የእናንተ እንጀራ ያለው እሱ ጋ ነውና።

ውሳኔው የመጣው ለአየር ንብረት ተብሎ ነው ብዬ አላታልላችሁም። የመጣው ከዶላር ችግር ነው። አገሪቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር እንዳወጣች፣ ከዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ተሽከርካሪ እንደሚጠጣው የተናገሩት ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው። እኔ ይህ ምክንያት የሚያሳፍር አይመስለኝም። ከጅቡቲ ወደብ ጀምሮ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣውን ናፍጣ ለመግዛት ቡናችንን ሸጠን ያገኘነውን እየከፈልን፣ በሌላ በኩል ዓባይ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ሠርተን ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. አስመርቀናል። የምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ ነው። ይህ በዓለም ላይ ብዙ አገር የሌለው ጸጋ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ሶኬት ላይ ስትሰካ በአመዛኙ የምትጠጣው የድንጋይ ከሰል ነው፤ ጭሱ ከማርሚታ ወደ ኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። እዚህ የምትሰካው ግን የምትጠጣው ዝናብ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የሚያውቀው የአዲስ አበባ መካኒክ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጥቁር ጭስ እያስነጠሰ የሚንገታገተውን ሚኒባስ አይታችኋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይ ያለው ጉልበት ጅቡቲ ላይ ካለው እኩል ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ የቁልቁለቱን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ የፍሬን ሸራውም ዕድሜ ይረዝማል። እንደኛ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይህ ትርፉ ትልቅ ነው።

«መብራቱ ይበቃናል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ምጣዱን ምሳሌ አደርጋለሁ። ቤት ውስጥ የምትገጠም ትንሿ ቻርጀር 3.3 ኪሎ ዋት ያህል ትወስዳለች፤ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን ጥቂት ሰዓት ሲሠራ ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ መሰካቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከተሰካች ለ150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ኃይል ታገኛለች። በአንድ ሠፈር አሥር ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ሌሊት፣ ምጣዱ ሁሉ ከወረደ በኋላ ቻርጅ የማድረግ ልማድ አሁኑኑ መለመድ አለበት። ደንበኞቻችሁን የምትመክሩት እናንተ ናችሁና ይህን ንገሯቸው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ይመስላል። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

የኤሌክትሪክ መኪና ወደብ ላይ ስትራገፍ ዕዳ ተሸክማ ነው የምትመጣው። ብረቷ የቀለጠው በከሰል ነው፤ በከሰል እቶን አንድ ቶን ብረት ለመሥራት ሁለት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይወጣል። ይህ ለቤንዚኗም ለኤሌክትሪኳም እኩል ነው። በኤሌክትሪኳ ላይ ግን ባትሪው ይጨመራል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሥራት ብቻ ከ4 እስከ 5 ቶን ጋዝ ይለቀቃል ብለን እንያዝ። ማዕድኑም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፤ ከሚቆፍሩት መካከልም በባዶ እጃቸው ጉድጓድ የሚገቡ፣ ሕፃናት ጭምር አሉበት። ወደ እኛ ከሚገቡት የቻይና መኪኖች ብዙዎቹ ከብረትና ከፎስፌት የተሠራ ባትሪ መያዛቸው ለዚህ አንድ እፎይታ ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም የለበትምና። ሙሉ ቻርጅ መሆንንም ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ባዶ መሆንንም ይችላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ የቤንዚን መኪና በየ100 ኪሎ ሜትሩ 16 ኪሎ ጋዝ ትለቃለች። ባትሪው ይዞት የመጣውን አራት ቶን ተኩል ዕዳ ለመክፈል ኤሌክትሪኳ ስንት መሄድ አለባት? 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሁለት ዓመት ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ትርፍ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ከሄደች የአሥራ ሦስት ዓመት ትርፍ አገኘን። በሦስተኛው ዓመት መለዋወጫ ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመች ግን ከቻይና እስከዚህ የተጓጓዘ አንድ ቶን ተኩል ብረት፣ አንድ ባትሪና ብዙ ዶላር ቆሟል።

ስለዚህ የዚህች መኪና ንጽሕና የሚለካው በሻጩ ወረቀት ላይ በተጻፈው ሳይሆን እናንተ ጋራዥ ውስጥ በሚሆነው ነው። የማይጠገን ነገር ንጹሕ አይደለም። ዛሬ ያመጣኝ ይኸው አንድ ነገር ነው።

የሙያችሁን ቃላት አስቡ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ላሜራ፣ ማርሚታ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ካንዴላ። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎም እንደዚያው። ጋራዥ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። እነዚህ ቃላት መጽሐፍ ተተርጉሞ አልመጡም። አባቶቻችን ከባለሙያው አጠገብ ቆመው መፍቻ እያቀበሉ፣ እጃቸው በግሪስ እየጨቀየ የለመዷቸው ናቸው። ዛሬ ካንዴላ የማንም የውጭ ቃል አይመስለንም። በገጠር ከተማ ያለ የአሥራ ስድስት ዓመት ረዳት ካንዴላ ፈትቶ፣ በአሸዋ ወረቀት ጠርጎ፣ ክፍተቱን በዓይኑ ለክቶ ይመልሳል። ማሽን የራስ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ስሙ በአፍ፣ ፍቺው በእጅ ሲገባ።

አዲሷ መኪና ካንዴላ የላትም። ፍሪሲዮን የላትም። ማርሚታ የላትም። ፊልትሮና የሞተር ዘይት አትለውጥም። ከለመድናቸው ቃላት ግማሹን ይዛ ትሄዳለች። በምትኩ ያመጣችው የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ የሚለውጥ ኢንቨርተር፣ ትልቁ ባትሪ የተገጣጠመበት ክፍል የሆነው የባትሪ ሞጁል፣ የባትሪ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መስመር ነው። እነዚህ ቃላት ገና አፋችን ላይ አልሟሹም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኢንቨርተር በእጁ ፈትቶ የገጠመ ስንት ሰው አለ? አትፍሩ፣ እጅ አውጡ። አራት። አራት ሰው። ከዚህ ሁሉ የሙያ ሰው አራት። መንግሥት ከ100,000 በላይ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ አገር መግባቱን ይናገራል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ባለፈው ዓመት የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እህት መኪናዋን በክሬን አስጭና ወደ ማሠልጠኛችን አመጣች። አንድ ጠዋት በሩ አልከፈት፣ መብራቱ አልበራ ብሏል። አስቀድማ የሄደችበት ቦታ «ዋናው ባትሪ ሞቷል፤ ይቀየር» ብለዋታል። የነገሯት ዋጋ ለመኪናዋ ከከፈለችው ብዙም አይርቅም። መኪናዋን ለመሸጥ፣ ያውም ለመለዋወጫነት ለመሸጥ ተስማምታ ነበር። ተማሪዎቼ ኮፈኑን ከፍተው ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለኩ። ዘጠኝ ቮልት። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛዋም መኪና ትንሽ ባትሪ አላት፤ ኮምፒውተሩንና በሩን የምታነቃው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሳም። ትንሿ ተቀየረች፤ መኪናዋ ወዲያው ተነሣች። ሴትየዋ መሪውን ይዛ አለቀሰች። እኔም ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ? እዚያ ቦታ የነገሯት ሰዎች ሊያጭበረብሩ የፈለጉ አይመስለኝም። አያውቁም ነበር። ያላስተማርናቸው እኛ ነን፤ ይህን የምለው እንደ መምህር ነው።

ችግሩ ሁሉ ግን ከእኛ አይደለም። የመኪና ኢንዱስትሪውም የሚጠየቅበት አለው። ብዙዎቹ መኪኖች የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው፤ የዳሽቦርዱ ጽሑፍ ቻይንኛ፣ የስልክ መተግበሪያው ቻይንኛ፣ የሶፍትዌር እድሳቱ እዚህ አይደርስም። የቻርጅ መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና ደረጃ ነው፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። ጥፋቱን የሚያነበው መሣሪያ የፋብሪካው የይለፍ ቃል ካልተሰጠው አይከፈትም። አንድ ሞጁል ሲበላሽ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይቀየር የሚሉ አሉ፤ መኪናውን የሚያስጥለው ይህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ወደዚህ ገበያ የሚሸጥ ማንኛውም ፋብሪካ የጥገና መመሪያውን፣ መመርመሪያውንና የሞጁል መለዋወጫውን አብሮ እንዲያቀርብ በሕግ መገደድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ቀረጡን ያወረድንለት ያለ ምክንያት አይደለምና ይህን የመጠየቅ መብት አለን።

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚሠሩ ወንድሞች እዚህ አሉ። ዲኤክስ ኮሮላ ለምን እስከ ዛሬ እንዲያ ተወደደች? ከአርባ ዓመት በኋላም ዋጋዋ ሰው ያስደነግጣል። ውበት የላት፣ ምቾት የላት። ግን በየትኛውም ከተማ፣ የትኛውም መካኒክ ይፈታታል፤ መለዋወጫዋ በየመደርደሪያው አለ። እሷ በየዕለቱ ታጨሳለች፤ ያን አልደብቅም። ግን አንድ ነገር ታስተምረናለች፤ ማሽን ዕድሜ የሚኖረው በዙሪያው ሰውና መለዋወጫ ሲኖር ነው። የዲኤክስን ዕድሜ ለኤሌክትሪኳ መኪና መስጠት የዚህ ትውልድ ሥራ ነው።

ይህን ስል ከባቡሩ የተማርነውን እያሰብኩ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የመጀመሪያው ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች መጡ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የማያጨስ፣ በአንድ ጉዞ ብዙ መቶ ሰው የሚያነሣ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ የከተማ መጓጓዣ የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች የደረሱበት ጊዜ ነበር። ያቆማቸው የመብራት እጦት ብቻ አልነበረም፤ መለዋወጫ ነው። ጎማ፤ የባቡር የብረት ጎማ እንኳ ከውጭ በዶላር መምጣት ነበረበት። የቆመው ባቡር የሚያነሣው ሰው ወደ ሚኒባሱ ሰልፍ ሄደ፤ ሚኒባሱም ናፍጣውን አቃጠለ።

አሁን ደግሞ ድሬዳዋን አስቡ። የድሮው የምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለገሃር የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ወርክሾፕ ተሠራ። ብረት መቅረጫው ቶርኖ፣ መፈልፈያው፣ የብረት ማቅለጫው ሁሉ እዚያ ነበር። መለዋወጫ ሲጠፋ በዓይናቸው ለክተው፣ ሞዴል ሠርተው፣ አቅልጠው፣ በቶርኖ ቆርጠው ይገጥሙት ነበር። የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ናፍጣው ሲመጣም ያው ሠራተኛ ያንኑ ተማረ። አባት ለልጅ ሙያ አወረሰ። ሐዲዱ ሊቆም እስኪቃረብ ድረስ ባቡሩን ያቆዩት እነዚያ እጆች ናቸው። አንድ ዘመን አሮጌና አጫሽ ባቡር ለመቶ ዓመት ያህል አስኬድን፤ አዲሱንና ንጹሑን ግን አሥር ዓመት እንኳ በሙሉ አቅሙ ማስኬድ አቃተን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱም የሚያስፈልገው ያው የድሬዳዋ ዓይነት ወርክሾፕ ነው።

የዜሮ ቀረጡን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ተፈታትታ የምትመጣ መኪና ቀረጥ የማይከፈልባት ለምንድን ነው? እዚህ የሚገጥም እጅ እንዲኖር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር የሁንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና አገጣጥሞ ሲያወጣ ብዙ ሰው ገረመው። መግጠም ግን መጀመሪያ ብቻ ነው። የገጠመ ሰው መፍታት ያውቃል፤ የፈታ ሰው የተበላሸውን ያገኛል፤ ያገኘ ሰው አንድ ቀን ማያያዣ ብረቱን፣ ቀጥሎ መያዣውን፣ ቀጥሎ የባትሪውን ሣጥን እዚሁ ይሠራል። ፋብሪካው ሦስት ዓመት ቦልት ብቻ እያጠበቀ ከቆየ ዜሮ ቀረጡ ለስሙ ብቻ ነው። ሠልጣኞች፣ ፋብሪካ ስትቀጠሩ ቦልት ማጥበቁን እየሠራችሁ የንድፉን ወረቀት ጠይቁ።

ሌላው ጉዳይ ደግሞ ይኸውላችሁ። ማን ይቀየር ቀድሞ? በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ ሚኒባስ እንውሰድ። ናፍጣ በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይለቃል። በቀን 44 ኪሎ ሆነ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት በቀን 30 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የቤት አውቶሞቢል ደግሞ 4.8 ኪሎ አካባቢ ትለቃለች። አንድ ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ዘጠኝ አውቶሞቢል መለወጥ ማለት ነው፤ ያውም ሚኒባሱ ሲጓዝ ሙሉ ሰው ይዞ ነው። እስካሁን ቅድሚያ ያገኘው ግን ባለ አውቶሞቢሉ ነው። ብድር፣ ቻርጅ ማድረጊያ፣ የቀረጥ ቅናሽ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሰማያዊ በነጭ ለሆነው ታክሲ ባለቤት መድረስ ነበረበት። የሚኒባስ ባለቤት የሚፈራው መሃል መንገድ ላይ መቆምን ነው፤ አንድ ቀን የቆመ መኪና የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ስለዚህ ከሚኒባስ ባለቤቶች ማኅበራት ጋር የሚሠራ፣ በአንድ ቀን ሞጁል የሚቀይር ጋራዥ ያስፈልጋል። ይህ ለእናንተ ገበያ ነው።

ስለ እግረኛውም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአዲስ አበባ ሰው ከግማሽ በላይ ጉዞውን የሚሄደው በእግሩ ነው። ይህ ሰው ቤንዚንም ኤሌክትሪክም አልተጠቀመም፤ በጭሱ ግን የሚታፈነው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በየወሩ አንድ እሑድ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈት ልጆች አስፋልት ላይ ሲሯሯጡ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነበር። ባሕር ዳር ያደግኩ ነኝ፤ ሜዳማ ከተማ ናት። በልጅነቴ መምህሩም ነርሱም ነጋዴውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ባጃጅ መጣና ብስክሌቱን ከመንገድ ገፋው። የኮሪደር ልማቱ በየቦታው የብስክሌት መስመር ሠርቷል፤ መስመሩ ላይ መኪና እንዳይቆም የሚከለክል ካለ ብስክሌቱ ይመለሳል። የብስክሌት ጥገና የሚያስተምር ኮርስ በማሠልጠኛችን ቢከፈት ደስ ይለኛል፤ ጠይቄያለሁ።

አሁን የመጨረሻው ነገር፣ የባትሪው መጨረሻ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከሀብታም አገሮች እንደወጡ፣ ከዚያ 80 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች እንደሄዱ፣ ትልቁን ድርሻም አፍሪካ እንደተቀበለች ገልጿል። ብዙዎቹ የጭስ ማጣሪያቸው ተነቅሎ ነው የመጡት። የአሮጌ ብረት መጣያ መሆንን እናውቀዋለን። የአሮጌ ባትሪ መጣያ እንዳንሆን አሁን ካላሰብን ግን በኋላ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከምንና የት እንደተሠራ የሚያሳይ የዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው አዟል። በ2031 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ ባትሪ ውስጥ ካለው ኮባልት ቢያንስ 16 በመቶ፣ ከሊቲየሙ 6 በመቶ ከአሮጌ ባትሪ ወይም ከባትሪ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የተገኘ መሆን አለበት። አሮጌው ባትሪ ማዕድን ሆኗል ማለት ነው፤ ዋጋ አለው።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቃል። የተጣለ በርሜል ምድጃ፣ የተጣለ ጎማ በረባሶ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ ነው። ቆራሌው ከየሠፈሩ የሚሰበስበው ሁሉ እዚያ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል። በጥበቡ እኮራለሁ። ግን የእርሳስ ባትሪ በመዶሻ ሲሰበር፣ አሲዱ መሬት ላይ ሲፈስ፣ ልጆች አጠገቡ ሲጫወቱ አይቻለሁ። የሊቲየም ባትሪ ከዚህ ይለያል፤ በመዶሻ የሰበረው ሰው የሚነደው ወዲያው ነው፤ እሳቱም ውሃ በባልዲ ሲደፉበት የሚጠፋ አይደለም። ለመኪና ያልበቃ ባትሪ ግን አልሞተም። ከመጀመሪያ አቅሙ ሰባና ሰማንያ በመቶ የሚይዝ ባትሪ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ መብራት ላልደረሰበት የገጠር ወፍጮ የሶላር ኃይል ማጠራቀሚያ ሆኖ ብዙ ዓመት ያገለግላል። አገራችን ውስጥ መብራት ያልደረሰው ሰው ገና ብዙ ነው። የምናለሽ ተራን ጥበብ ከእናንተ የመለኪያ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ይቻላል። የሚሰብረው እጅ ለክቶ የሚለይ እጅ ይሁን። ይህን የሚሠራ ማኅበር ከመካከላችሁ ቢወጣ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ማስታወቂያ ልናገር። ማሠልጠኛችን ከአደጋ የተረፈ፣ ሞተሩና ባትሪው ደህና የሆነ አንድ መኪና በዕርዳታ አግኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪውን እናወርደዋለን። ሞጁል በሞጁል ለክተን ደካማውን እናገኛለን። የጋራዥ ባለቤቶችም ሠልጣኞችም መምጣት ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሐብል ቤት አስቀምጡ። ለኤሌክትሪክ የተሠራውን የጎማ ጓንት እኛ እናቀርባለን፤ ቆዳ ጓንት ብቻውን አይበቃም። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ኮፈኑ ሥር ብርቱካናማ ሽቦ ታያላችሁ። በዚያ ውስጥ 400 ቮልት ገደማ ነው የሚያልፈው። ዋናው ማገናኛ ተነቅሎ፣ አሥር ደቂቃ ተጠብቆ፣ ዜሮ ማንበቡ በመለኪያ ሳይረጋገጥ ብርቱካናማውን ማንም አይነካም፤ እኔም ብሆን። አሁን ጥያቄ።